የአንዲት ፍሬ ጉድለት

ረምላ ነው ስሟ፤ በዐረቦቹ አፍ
አሸዋ ማለት ነው፣ የአሸዋ ፍሬ፤
ያኔ በእናቷ ሆድ ሳለች፣ የውሃ ጋሎን ጭኜ ስዞር፣
በመኪናው መስኮት በረሃውን አይቼ
«እንዲህ ይብዛልኝ» ብዬ ነበር «ዘሬ»።

ዶክተሩ ሱዳናዊ ነው፣ የሚያባብል ድምፅ ያለው።
ክሮሞዞሞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ወረቀት ላይ ሣላቸው።
«ሃያ ሁለተኛው ላይ» አለ፣ እስክሪብቶውን አስደግፎ፣
«ትንሽ ቁራጭ የለም፤ ሲገለበጥ ነው የቀረ፣ ተዘሎ፣ ተገድፎ።»
«ከማን መጣ?» አልኩት። «ከእኔ ነው ከእናቷ?»
«ከማንም» አለኝ።
ሸምሲያ ግን ዛሬም ትፈልጋለች፣ በዚያ ዘጠኝ ወር የቱ እንደነበር ጥፋቷ።

ጫማዬ አሸዋ፣ ጆሮዬ አሸዋ፣ ደጄ አሸዋ በሆነበት አገር፣
ከልጄ የጎደለችው አንዲት ፍሬ
ከዚህ ተዘግና ብትሞላ ምን ነበር!

ካልሲየም ሲወርድ ጣቶቿ እንደ ወፍ እግር ይኮማተራሉ፤
ካልደረስኩ፣ ዐይኗ ወደ ላይ፣ ጥርሶቿ ገጥመው ይቀራሉ።
ስለዚህ ሽሮፑ በሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ በቀኑ ስድስት፣ ማታ ሁለት፤
የአቡ ሻጋራ ሙአዚን ሳይነቃ የእኔ ስልክ ይጮኻል፣
ማንኪያ ይዤ እቆማለሁ ጨለማ ውስጥ።
ልቧ ላይ ቀዳዳ ነበር፤ በሰባት ወሯ ሰፉት።
እናቷ ስታጥባት ጠባሳውን በሩቁ ትዞረዋለች፣
እኔ እስመዋለሁ።
ላንቃዋ አይገጥምም፤ በአፍ የገባ ወተት በአፍንጫ ይወጣል፣
አንድ ጡጦ አንድ ሰዓት ይፈጃል።
የሌላው ልጅ ጉንፋን ሲይዘው አፍንጫው ይጠረጋል፤
የእኔዋን ሲይዛት ሻንጣ ይዘጋጃል።
«መድኑ ይህን አይሸፍንም» አለችኝ ልጅቷ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ፈገግ ብላ፤
ፈገግታዋ በነጻ ነበር።

ትናንት ማታ ሻማሉ ተነሣ።
ሻርጃ ጠፋች፤ ፎቁም፣ ሚናራውም፣ የመንገዱ መብራትም ቡናማ ሆነ።
እርጥብ ፎጣ በበሩ ሥር ወተፍኩ።
ሸምሲያ የሰው ልጅ ልታስተኛ ሄዳለች።
በሩ ተንኳኳ፤ እትዬ መይሙና ናት፣
የመጀመሪያውን ወር ኪራይ የከፈለችልን፣
የረምላ ልብ ሲሰፋ ከኦፕራሲዮኑ በር ሥር ያደረችልን።
ሳህን ይዛለች። እኔ ግን ከድምጿ በፊት የሰማሁት ሳሏን ነው።
«አልከፍትም» አልኩ።
እኔ! ወሎ ተወልጄ፣
እንግዳ ከበሬ፣ ባለውለታ ከደጄ!
አባቴ ቢሰማ በቁሙ ይቀብረኝ ነበር።
ዝም አለች። ከዚያ ሳህኑ ወለሉን ሲነካ ሰማሁ፣
ቀጥሎም እግሯን፤ ሳሏን በመዳፏ እያፈነች እስከ ሊፍቱ።
ከፍቼ አላነሣሁትም። እስከ ንጋት እዚያው አደረ።

ረምላ ነቃች።
ሙቀቷን ለካሁ፦ ሠላሳ ሰባት ተኩል።
ሠላሳ ስምንት ከሆነ ታክሲ ነው፣ በዚህ ነፋስ፣ በዚህ አቧራ፤
በእኔና በሆስፒታሉ መካከል ያለችው ግማሽ ዲግሪ ናት።
ቁጭ ብዬ ትንፋሿን ቆጠርኩ፣ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ።

«ባ» ማለት አይሆንላትም፤ አየሩ በአፍንጫዋ ያመልጣል፤
«አባ» ልትል ስትጀምር «አማ» ይወጣል።
ዶክተሩ «ላንቃዋ ሲሰፋ ይታረማል» ብሎኛል።
ይታረም። እስከዚያ ግን፣
ሸምሲያ የሌላ ሰው አልጋ ሥር ቁጭ ብላ በምታነጋበት ሌሊት፣
ማንኪያውም፣ ፎጣውም፣ ቴርሞሜትሩም በእጄ ያለ እኔ
ስሙ ተሳስቶብኝ አያውቅም።

«አማ» አለች፣ በጨለማ።

«አቤት» አልኳት።