ከአሥር ዘጠኝ

ከሄርማታ መንገድ፣ ከሚፍታህ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ፣
ከባጃጁ ጩኸት፣ ከዝናብ መውረጃው ቦይ ጫፍ፣
አንድ ወንበር አለኝ፣ እግሩ በሽቦ የታሰረ፣
ከጡረታዬ ወዲህ አብሮኝ የኖረ።

ዘጠኝ ተኩል ሲል ትምህርት ቤቱ ይለቀቅና፣
ደብተር በፌስታል ጠቅልለው፣ ሰማዩ አይታመንምና፣
ይከቡኛል፤ አንዱ ሥነ ጽሑፍ፣ አንዱ ታሪክ፣ አንዷ ሥነ ልቦና።
ክፍያዬ አቮካዶ ነው፣ አንዳንዴ የተቀቀለ በቆሎ፤
ነገ ይረከባላ! የስንት ዘመን ነገር፣ በቶሎ በቶሎ።

ሙራድ ነው መጀመሪያ። «ግጥሙ ውስጥ ዝናቡ የምን ምሳሌ ነው?»
ይለኛል፣ የሸሚዙን እጅጌ እየጨመቀው።
«ሐዘን ነው ወይስ ተስፋ? ሁለት ማርክ አለው።»
ሐዘን በል አልኩት። መምህሩን አውቀዋለሁ፤
ስምንተኛ ክፍል ሳለ አስተምሬዋለሁ፤
ያኔም ደመና ሲያይ ይከፋው ነበር፣
መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ቃል ሳይናገር።
«እውነቱስ ጋሼ?» አለ። እውነቱማ፣ ሙራዴ፣
ጅማ ላይ ዝናብ ማለት ዝናብ ነው አንዳንዴ፤
ጫማ ያበሰብሳል፣ አዌቱን ይሞላል፣
የሚፍታህን ወረቀት ለእርጥበት ያስበላል።
ግን ይሄን አትጻፍ፤ ይሄ ማርክ ያስቀንሳል።

ሩቂያ ቀጠለች፣ እስክሪብቶዋን ነክሳ፦
«ሰው ለምን ይረሳል? አራት ምክንያት አንሳ።»
አንደኛ፣ ጊዜ ነው፤ የነካውን ያደበዝዛል፤
ሁለተኛ፣ አዲሱ አሮጌውን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል፤
ሦስተኛ፣ ሳይጠራ የቆየ ነገር መንገዱን ይስታል፤
አራተኛው...
አራተኛው ጠፋኝ።
«ጋሼ ረሱ!» ብላ ሳቀች፤ ሁሉም ሳቁብኝ፣
ሚፍታህ ሳይቀር፣ ከማሽኑ ኋላ ተደብቆ ሳቀብኝ።
ባጃጅ መጣላት፤ ሦስቱን ይዛ ሄደች።

ኦብሳ ግን ቆሞ ነበር። ስሙ በኦሮምኛ «ታጋሽ» ነው፤
እስኪበተኑ ጠበቀ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣
ጥያቄውን መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ መጥቶ፦
«በአካባቢህ ያለ አንድ ሽማግሌ ጠይቅ፤
በስድሳ ዘጠኝና በሰባ ምን እንደነበረ እወቅ።»

እኔ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ቀን ከነወሩ የሸመደድኩ፣
ማን መቼ እንደነገሠ ጠመኔ እስኪያልቅ የዘረዘርኩ፣
«ሽማግሌ» መባሌ ነበር መጀመሪያ የቆጨኝ፤
ከዚያ ያ ክፍል መጣብኝ፣ ያ መዝገብ ታወሰኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አዲስ መምህር፣ አዲስ ካፖርት፤
ስም እጠራለሁ ጠዋት፣ በተርታ፣ በሥርዓት።
«ሳኒ አባ መጫ!»
ዴስኩ ባዶ።
«ሳኒ አባ መጫ!»
ከጎኑ ያለው ልጅ አንገቱን ደፋ።
በቀይ ቀለም «ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ።
ማግስቱንም ቀሪ። ሳምንቱንም ቀሪ።
የት ነው አላልኩም፤ የጠየቀ ሰው ያኔ አልነበረም ኗሪ።
በሁለተኛው መንፈቅ አዲስ መዝገብ መጣ፤
ስም ስገለብጥ እሱን ዘለልኩት።
እኔው ነኝ የዘለልኩት፣ በዚህ እጄ።

ኦብሳ ሳያቋርጠኝ ጻፈ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፤
ሚፍታህ መብራቱን አላጠፋም፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶ።
አራተኛው ምክንያት ያኔ መጣልኝ፦
ሰው ሊረሳ የፈለገውን ይረሳል።
ሩቂያ ግን ሄዳለች።
(ከአራት ሦስት አገኘች፤ አልተቀየመችኝም።)

ሰኞ ወረቀቱን ይዞ መጣ፣ ከሁለት አቮካዶ ጋር፤
ከአሥር ዘጠኝ። በቀይ፣ ከግርጌው፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር፦
«ምንጭ አልተጠቀሰም።»
«ስምዎን ልጨምር ጋሼ?» አለኝ፣ እስክሪብቶ አውጥቶ።
የኔን ተው። የሳኒን ጻፍ፣ ስም ከነአባት፤
ከጎኑ ቅንፍ ክፈት፤
«ቀሪ» በል፣ መዝገቡ እንደሚለው።
የጠሪውን ስም ካሉህም፣
ያንኑ ቃል ድገመው።