ዘጠኝ ቀን ለሁለት

ዕቁቡ ደረሰን፣ ሰኔ ተገባዶ ዝናቡ ሲበረታ፣
ከፖስታ ቤት ወጥቼ፣ ቸርችልን ሽቅብ ስገፋ፣ በስብሼ ማታ።
አዜብ ግን ቆርጣለች፦ “ፍሪጁም ይቆየን፣ ሶፋውም ይቅር፣
እኛ እስከ ጉልበታችን እንግባ ከባሕር።”

ከሲሚንቶ ፋብሪካ ካላንደር ጀርባ ላይ፣ በሰማያዊ ቢክ፣
ሲሼልስን ሣለች፤ አንዱ ደሴት ድንች፣ አንዱ ጫማ፣
አንዱ የተነከሰ ብስኩት የሚመስል መልክ።
“ይኼ ማሄ ነው፤ አይሮፕላኑ እዚህ ጋ ያርፋል።
ፕራስላን ቀጥሎ፤ በጀልባ አንድ ሰዓት፣ እሱም ቶሎ ያልፋል።
ላ ዲግ መጨረሻ፤ እዚያ ሰው ሁሉ በብስክሌት ይከንፋል።”
“ብስክሌት አልችልም።”
“ዋናስ ትችላለህ?”
“እሱንም አልችልም።”
“በቃ፣” አለች፣ “አንተ ኤሊ ታያለህ።”

እማማ ጠጂቱ፣ አከራያችን፣ ባልዲ እንዳንጠለጠሉ፣
ከበር ላይ ሰምተው “ወቸ ጉድ!” ይላሉ፤
“ውኃ ለማየት ነው ብር የምትፈጂ?
ሐሙስ ሌሊት ይመጣል፤ ተነሺና ቅጂ!”
እኔም ስቆጥር አደርኩ፤ የአንድ ሌሊት አልጋ፣ ቁርሱን ጨምሮ፣
የወር ደመወዜን ግማሹን ያነሣል፤ ዓሣው ለብቻ ነው፣ በሚዛን ተሰፍሮ።

ቅዳሜ ግዮን ሄድን፤ ከመዋኛው ጥግ፣ ጥልቅ ከማይባለው፣
ኢዩኤል የሚባል ልጅ፣ ፂሙ ገና ያልጠናው፣
“ልቀቀው! ሰውነትህን ልቀቀው!” እያለ ይጮኻል።
ውኃ የሚለቁትን ይሸከማል አሉ፤
ዕዳ የለመደ ሰው ግን በየት በኩል ይለቃል?
እንደ ቁልፍ ሰመጥኩ።
አዜብ ተንሳፈፈች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ማንም ሳያስተምራት።

አማቴ ጋሽ ልሳኑ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ነበሩ፣ በጎልማሳ ዕድሜ፤
ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ “ባሕር” ሲሉ አልሰማሁ፣ አማች ሆኜ ከርሜ።
አዜብ “ማዕበል” ስትል ሬዲዮውን ጨመሩ።
ከዚያ፣ አንድ ማታ፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ ተናገሩ፦
“ከፊት አትቀመጡ፤ ያጥወለውላችኋል። ጀልባ ከኋላ ነው።
ዓይናችሁ ከአድማስ አይነቀል። ያ ሥዕልሽ ደግሞ፣ ሰሜኑ የት ነው?”
ቢኩን ተቀበሉ። ባለ አራት ጫፍ ኮከብ ከጥጉ አበጁ፤
ሾርባ ሲይዝ እንኳን የሚርድ የነበረ፣ ጸጥ አለላቸው እጁ።

ሌሊት መብራት ጠፋ። ነቃሁ። አዜብ ከጎኔ የለችም፤
በስልኳ ብርሃን ካላንደሩ ላይ አጎንብሳ፣ ስጠራት አትሰማም።
“ዘጠኝ ቀን ለሁለት፣ ስንት ይሆናል?”
“አሥራ ስምንት።”
“ስድስት ቀን ለሦስትስ?”
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል።
“አሥራ ስምንት።”
“ቲኬቱስ?” አልኳት ቆይቼ። አንገቷን ነካች፣ የሀብሏን ቦታ።
ከዚያ ላ ዲግን ሰረዘች፤ ብስክሌቱን፣ ኤሊዬን፣
በአንድ መስመር ብቻ፣ ሳታመነታ።

ሲነጋ ነገርናቸው። “እኔን ተዉኝ፣” አሉ፣ “ባሕር አውቃለሁ፤ ጨው ነው። አለቀ።”
ሻያቸውን ጠጡ። ማንም ማንንም አልጠየቀ።

ማክሰኞ፣ ገና በጨለማ፣ ኢሚግሬሽን በር ላይ ለፓስፖርት ተሰለፍኩ፤
ከፊቴ ስቆጥር፣ ከአሥራ አንድ ጃንጥላ ወዲያ፣ አንድ ባርኔጣ አወቅኩ።
የተተኮሰ ሸሚዝ። ዶሴ፣ በፌስታል የተጠቀለለ።
“ጋሽ ልሳኑ?”
“እስክሪብቶ አለህ?” አሉኝ፣ ዞር ሳይሉ፤ “የእኔ ረጥቦ አልጽፍ አለ።”
ሰጠኋቸው። ጎንበስ ብዬ በጀርባዬ ጠረጴዛ ሆንኩላቸው፤
ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣
ቀስ እያለ ሲሄድ ተሰማኝ ጣታቸው።
“ሥራ” የሚለው ጋ ቆሙ። ጻፉ። ሰረዙ፦ ጡረተኛ።
ከዚያ እየጫኑ፣ ጃኬቴን አልፎ ቆዳዬ ላይ እስኪቀር፦ መርከበኛ።
“በል ወደ ቦታህ፣” አሉኝ፣ “ሰው እንዳይቀድምህ። እኔ ነኝ ሦስተኛ።”