ዜሮም ይጻፋል

ባሕሩ ተጎትቶ ርቆ በሄደ ዕለት
ከአምፓሲሜና ዐሥራ ሰባት ልጆች ወጡ ለትምህርት።
ሰሌዳው አሸዋ፤ ወንበር የለ፣ ደወል የለ፣
የደብተሩ ጠርዝ በጨው ውኃ እየራሰ እየቆሰለ።

መምህርቷ ኖሮ ትባላለች፤
ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባለች፣
ከአራት ሸንበቆ የታሰረ ካሬ ተሸክማለች።
ወረወረችው ከባሕሩ ሣር ላይ፦
«በዚህ ውስጥ ያለውን ቁጠሩ፤ ከዚህ ውጭ ያለው ዛሬ አይታይ።»

ቆጠሩ።
ሸርጣን ሁለት። ቀንድ አውጣ ዘጠኝ።
ኮከብ መሳይ ፍጡር አንድ፤ «የኔ ናት! ያገኘኋት እኔ ነኝ!»
ከሣሩ ሥር ጥፍር የሚያህሉ የዓሣ ጫጩቶች፣
ብልጭ፣ ድርግም፣ እንደ መርፌ ጫፎች።
«ይህ ሣር» አለች ኖሮ «የዓሣ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤
ኮራሉን ሳይሻገር ብዙው እዚህ ነው የሚያድገው።»

ፌኖሱዋ ግን ከካሬዋ ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች።
አሸዋ። ደግሞ አሸዋ። መልሕቅ የጫረውን ቦይ አየች።
እርሳሷን ነከሰች፤
ከጎረቤቷ ደብተር ሦስት ዓሣ ልትሰርቅ አሰበች።

«ምን አገኘሽ?»
«ምንም።»
«ምንም ስንት ነው?»
ዝም።
«ዜሮ ነው። ዜሮም ይጻፋል፣ አትፍሪው።
ባዶውን የደበቀ ቆጠራ የሞላውንም ነው የዋሸው።»
ጻፈች። ክቡ ተንጋደደና
የዓሣ እንቁላል መሰለ።

ቀትር ላይ ባሕሩ ሲመለስ ታንኳዎችም ተመለሱ፣
ልጆቹ ማስመሪያ ይዘው ወደ ቅርጫቱ ገሰገሱ።
አባቷ ሳቀ፦ «ዓሣ ይጠበሳል፣ ይሸጣል፤ ደግሞ ይለካል?»
ከአፍንጫ እስከ ጭራ አጋደመችው፤ ዐሥራ አራት ይላል።
ኖሮ በሰጠቻቸው ሰንጠረዥ ግን ይኸው ዘር
እንቁላል የሚጥለው ሃያ ሁለት ሲሞላ ነበር።
አልተናገረችም። አባቷ ፊቷን አየ፣
ሳቁ ከአፉ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቆየ።

ማታ አያቷ ናሆዳ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ፣
መረብ ይጠግናሉ፣ ጣታቸው ቀዳዳውን እየዳሰሰ እየያዘ።
«በእኛ ዘመን ይኸው ዓሣ…» ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ፣
ከክርን እስከ መሐል ጣት።
ቤቱ ሳቀ፦ «አያ፣ ዓሣውን በወሬ አያሳድጉ!»
ፌኖሱዋ አልሳቀችም። ማስመሪያዋን አምጥታ
ከተዘረጋው ክንድ ላይ አሳረፈች፣ በኩራዝ ብርሃን ተመልክታ፣
አርባ አራት ብላ ጻፈች፤
ከዜሮው ረድፍ በላይ፣ በትንንሽ ፊደል፦
«በአያቴ ክንድ የተለካ።»

በማግስቱ ኖሮ አነበበች፤ ቀይ እስክሪብቶዋን አነሣች፣
አስቀመጠች።
አልሰረዘችም፤ ከጎኑ አንዲት የጥያቄ ምልክት አኖረች።

«ለካ እንዲህ ኖሯል» ይላል ሰው፣ የነበረው ሲጎድልበት፤
ይቺ ልጅ ግን ለካች፣ በእርሳስ፣ ገና ሳይመሽባት።

ባሕሩ ደግሞ ሊሸሽ ነው። ካሬው ከበሩ ጎን ቆሟል፤
አልደረቀም፣ አንድ ሣር ተጣብቆበታል።