ቅጽ አንድ

በሂዩማ ደሴት፣ ባሕሩ ሲጋገር፣
መርከብ ቆሞ መኪና በበረዶው ሲሻገር፣
ቀኑ አጥሮ አጥሮ አንድ ክንድ ሲያክል፣
እኔ ወደ ቬልቬ፣ በጓሮ በር በኩል።

የአውቶቡስ ሾፌር ነበረች፣ ጡረታ የወጣች፣
የጀልባ ጎጆዋን በመጽሐፍ የሞላች።
ከወለል እስከ ጣራ፣ በዓሣ ሣጥን ላይ፣
ዘንዶ በዘንዶ ላይ፣ ጠንቋይ ከጠንቋይ።
ቅጥራን ቅጥራን ይላል የሁሉም ገጽ ጠርዙ፣
ሆዳቸው የተነፋም አሉ፣ የወረዙ።

"የቱን ላንብብ?" ሲሏት አትሰጥም ቸኩላ፤
ታያለች እንደ ሐኪም መነጽሯን ሰቅላ፦
"ትናንት ምን አስፈራህ? ማን ነው ያኮረፈህ?
እንቅልፍ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የራቀህ?"

ጨለማ ለሚፈራ፣ ሌት ብቻ ያለባት
የአይጦች ከተማን፣ ሻማ የሚሸጡባት፤
ከወንድሙ ለተጣላ፣ ከራሱ ጥላ ጋር
የተካሰሰውን የጨው ነጋዴ ነገር፤
ባሏ ለሞተባት፣ ለፖስተኛዋ ለማይሬ፣
"ማንም የማይሞትበት፤ ትንሽ ይሰለቻል፤ ውሰጂው ለዛሬ።"

ለኔ ግን "የመልሕቅ ዘውድ"ን፣ ሁለትና ሦስትን።
"አንደኛውስ?" ብላት፣ አሳየችኝ ክፍተትን፣
ጥርስ እንደ ወለቀ ድድ። "ያዋስኩት ሰው በላው።
ተቀመጥ፤ አንደኛውን በአፌ ነው የምሰጠው።"

ሁለት ምሽት ተረከች፦ መልሕቅ ሰው ሲጣራ፣
ንጉሡ መቅዘፊያ ይዞ ሲወርድ ለሥራ፣
ዘውዱን ለዓሣ አጥማጅ ልጅ ሰጥቶ በአደራ።

ማይሬ ስትሰማው ግን ንጉሥ አልነበረም፤
ንግሥት ናት፤ ባሏም ከባሕር አልቀረም።
ለቄሱ ሲደርስ መልሕቁ ይቀልዳል፤
ቅጽ አንድ በየሰሚው ጆሮ ይወለዳል።

አድጌ መርከብ ላይ ትኬት ቆራጭ ስሆን፣
ታሊን፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ደጅ፣ አየሁት እሱን፤
ጀርባው ሰማያዊ፣ ዋጋው ሁለት ዩሮ።
ባንድ ሌሊት ጨረስኩት፣ እንቅልፍ ደጅ ታስሮ።

መልሕቁ አፍ የለውም። ንጉሡም አይነቃነቅ፤
አርባ ገጽ ስለ ግብር፣ አርባ ገጽ ስለ ትጥቅ።
ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በእርሳስ፣ እጇን አውቀዋለሁ፦
"ደራሲው ከሰነፈ፣ እኔ እሞክራለሁ።"

ለካ የበላው የለም!
ሽጣዋለች።

ደሴቷ ተመለስኩ፣ ካፖርቴ ሥር ሸሽጌ፤
የእኅቴ ልጅ ሂልያ ዓሣ ሣጥኔ ላይ ናት፣ በቦታዬ፣ በማዕረጌ።
መልሕቁ ዛሬ ያፏጫል። ቬልቬ ቀና ብላ አየችኝ፣
ያበጠ ካፖርቴንም አየች። "ተቀመጥ" አለችኝ።

አሁን እኔም ቤት አለ ሁለት መቶ መጽሐፍ፤
ቅጽ አንድ ከአልጋዬ ሥር፣ ፊቱን ወደ ምንጣፍ።
ሰው ሲጠይቀኝ ክፍተቱን አሳየዋለሁ፤
"ያዋስኩት ሰው በላው" እላለሁ፤
ወንበር እስባለሁ።