ዳግም

ዳህራን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ውጪው እንደ ተከደነ ድስት ወበቁን አምቆ ይዟል፤
የቤተ ሙከራው መስታወት በውጪ በኩል ያልበዋል።
እኔ ውስጥ ነኝ፤ ሹራብ ለብሼ፣ ነጭ ጋዋን ደርቤ፣
ያገለገለ ኢታኖል አጣራለሁ፣
ጠብታ እቆጥራለሁ።

ይወፍራል።
ያመነታል።
ጠብ ይላል።
ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

ትናንት ዶክተር ሙንዚር ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየ፤
የፊቱን ስደፋ፣ የመሐሉን ስይዝ፣ የጭራውን ስተው፣
ቴርሞሜትሩን ሳላይ።
«ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ፤ «መጽሐፉ ላይ የለም።»
«ትምህርት ቤት» አልኩት። «ቤተ ሙከራ ነበረን።»

ነበረን፤
ቁልፉ የጠፋ ክፍል፣
በመስኮቱ ስንጥቅ የምናየው አቧራ የለበሰ ሚዛን፣
ግድግዳው ላይ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ፣
ከወርቅ በታች የተቀደደ።

ያስተማረችኝስ እታለማሁ ናት፣ እናቴ፣
ደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ዝቅ ብሎ፣
ጌሾና ብቅሉን ጠንስሳ፣ እንስራውን ጥዳ፣
የመቃውን መጋጠሚያ በሊጥ መርጋ፣
ውሃ ውስጥ የተቀመጠውን ገንቦ በመዳፏ እየዳበሰች
«አሁን!» የምትል፤ «አሁን ቀይሪ!»

«የፊቱን አትሽጪ፣ ዓይን ያጠፋል፤
የሰው ዓይን አጥፍተን ደብተር አንገዛም።»
ሜታኖል እንደሚባል ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አወቅሁ፣
ስሙን።
ነገሩንማ በሰባት ዓመቴ አውቀው ነበር።

እዚህ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ደግሞ ይህን አሰላሁ፦
ኢታኖል እዚህ በሰባ ስምንት ዲግሪ ይፈላል፤
እኛ ሰፈር አየሩ ስስ ነውና ሰባ ይበቃዋል።
ጫና ያነሰበት አገር ነው፣ ይላል ስሌቱ።
ጫና ያነሰበት!
ይህን ብነግራት
ጭስ ከበላው ዓይኗ ሳቅ እንባ ሆኖ ይወርድ ነበር፤
የቤት ኪራዩ፣ የማገዶው፣ የእኔ ዩኒፎርም፣
የትኛው መስመር ላይ ይግባላት?

እዚህ ኢታኖል በፊርማ ነው የሚወጣው፣
ሚሊሊትር በሚሊሊትር፤ ቁልፉ ሺጁ አንገት ላይ ነው።
ታዲያ በዚህ አገር፣ በዚህ ክፍል ውስጥ፣
እናቴ አረቄ አውጪ ናት ብዬ እንዴት ልናገር?
ሕጉን ፈራሁ? ነውሩን ፈራሁ? እንጃ።
ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣
ተነነ።

ስሄድ፣ መናኸሪያው በር ላይ፣ ሻንጣዬን ይዛልኝ፣
«ዲግሪውን ይዘሽ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ልትማሪ?» አለች።
ቃል ስፈልግ ቆየሁ፤ ስፔሻላይዜሽን ልበል፣ ጥናት ልበል።
አውቶቡሱ ጡሩንባውን ሲነፋ ራሷ አገኘችው፦
«ኧረ ገባኝ። ዳግም ነዋ!»
አዎ፣ እማዬ፣ ዳግም ነው፤
አንዴ የወረደውን መልሶ እንስራ ውስጥ መጨመር፣
እንደገና ማንደድ፣
ግማሹን ማጣት፣
የቀረው ክብሪት ሲነካው በሰማያዊ እስኪነድ።

ስምንት ተኩል ሆነ። መስታወቱ አሁንም ያልበዋል።
የትናንቱ መልሴ የፊቱ ነበር፤
የፊቱ ይደፋል።
ጠዋት ዶክተር ሙንዚር በሩን ከፍቶ ሲገባ
ማን አስተማረሽ ብሎ ደግሞ ከጠየቀኝ፣
ባይጠይቀኝም፣

ያመነታል።
ጠብ።