አንሺና ተነሺ

ፀሐይ ስትወድቅ ነው እኔ ሰው የማነሳ፣
በሴቱባል ወደብ፣ ድንጋዩ ሁሉ ዓሣ ዓሣ
እየሸተተ።
ጀልባዎች ገብተዋል፤ ገመዱ ይንጠባጠባል፤
አንድ ልጅ በብስክሌት የቆመውን ውሃ ይሰነጥቃል፤
ጎማው ብቻ ቀረልኝ፣ እሱ ከፎቶው አምልጧል።

ሎተሪ አዟሪው ኤርሚኒዮ ካሜራዬን ሲያይ ደነገጠ፤
ኮፍያውን አቀና፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ዋጠ።
እኔ የፈለግሁት ግን ያንን ነበር፣ የቅድሙን፣
ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ሲቆጥር ቲኬቱን።

ብርሃኑ አለቀ። የምሰሶው መብራት ብርቱካን ሆነ።
መዝጊያውን አዘገየሁ፤ መንገደኛው ሁሉ ጉም መሰለ፣ ተነነ፤
ጥርት ብላ የቀረች መረብ ላይ ያለች ውሻ፣
ተኝታ የቆመችልኝ እስከ መጨረሻ።

ዴኦሊንዳ መረብ ትጠግናለች። ቀና አላለችም።
«ላንሳሽ?» አልኳት።
«ወድቄያለሁ እንዴ?»
(በቋንቋዋ ያለችው ሌላ ነው፤
በእኔ ጆሮ የገባው ግን ይኸው ነው።)
እጇን በሽርጧ ጠረገችና «አምጣው» አለች፤
ኤርሚኒዮ ቆሞበት ወደነበረው ድንጋይ ገፋ አደረገች
እኔን።
ኮሌታዬን አቀናሁ። ሆዴን፣ አዎ፣ እኔም ዋጥኩት።
እጄ በዛብኝ፤ ጠዋት ሁለት ብቻ ነበር፤
ኪስ አልበቃው፣ ወገብ አልበቃው፣ የት ላድርገው፣ የት?
ጠቅ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አየሁት። አዝምሟል፤
ግማሽ ግንባሬ የለም፤
ከጉንጬ በላይ ግን እንደ ጨረቃ የደበዘዘች ነገር አለች፦
ከጣቷ የቀረች የዓሣ ቅርፊት፣
ሌንሱ ላይ።
አልጠረግኳትም።