ወፍራም ጨርቅ

ቅዳሜ፣ ከካራ ስንወጣ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ሲኖትራክ በጭሱ መንገዱን ሲያናጋ፣
አሥራ ሁለት ሆነን፣ ባንድ መስመር ተሰልፈን፣
ሰንዳፋ ድረስ ሄድን፣ ለገጣፎን አልፈን።

መሄድ ማንም ይሄዳል፤ ቁልቁለት ነውና፤
የኛ ነገር ሁሉ መመለሱ ላይ ነው፣
ካራ ላይ ነው ፈተና።

እኔን ያሠለጠነኝ ብስክሌት ነድቶ አያውቅም።
ጋሽ ወርዶፋ ይባላል። ልብስ ሰፊ ነው።
ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ በረንዳ ላይ ነው ሲንጀሩ፤
የተማሪ ዩኒፎርም፣ የዘበኛ ካፖርት፣ የተቀደደ ድንኳን፣
ምን ያልሰፋው አለ ለመንደሩ?

ሁለት ክረምት ሠራሁ፣ ከአጠገቡ ቁጭ ብዬ፣
ክር እያሾለክሁ፣ ቁልፍ እየተከልሁ፤
አንድ ቀን ተነሣና፣ «ግቢ» አለኝ፣ «ድርሻዬ»፣
እግሬን ፔዳሉ ላይ እየፈራሁ ሰቀልሁ።

መጀመሪያ ፖፕሊን ነበር፤ ሮጠልኝ እንደ ውኃ።
ቀጥሎ ካፖርት መጣ፣ ያረጀ፣ የአቶ ሽብሩ፣
ድርብ፣ ሦስት እጥፍ፣ ስፌቱ ላይ ስፌት፤
እኔም ጉልበት ጨመርሁ፣ ረገጥሁት በንዴት፣
ቀጭ አለ መርፌው።

አልተቆጣም። ስባሪውን ከጨርቁ ለቀመና፣
«ወፍራም ሲመጣብሽ እግርሽ አይክበድ» አለኝ፤
«አትርገጪው። አዙሪው።
መርፌው ቶሎ ቶሎ ይውጣ ይግባ፣
ስፌቱን አሳጥሪው።
ጨርቅ የሚያልፈው በጉልበት አይደለም፣ ልጄ፤
በምልልስ ነው።»

ካራ ወፍራም ጨርቅ ነው።
ከለገጣፎ ጀምሮ ይደረባል፣ ይታጠፋል፤
ገለባ የጫኑ አህዮች ዳሩን ይዘው ይሄዳሉ፣
ባጃጅ በቀኝ ይገባል፣ ሚኒባስ በግራ ያልፋል።
ወንዶቹ ትልቁን ጥርስ እንደ ያዙ ይገባሉ፣
ትከሻቸው ይናወጣል፣ ከኮርቻ ይነሣሉ፣
ካቴናው ያቃስታል፤
አንዱም ሲያልፈኝ «አይዞሽ፣ እትዬ!» ይላል።

እኔ ማርሼን አወርዳለሁ፣ አንድ፣ ደግሞም አንድ፣
(አራተኛው ይዘላል፣ እሱን በጸሎት ነው የማልፈው)
ገና ሳይከብደኝ፣ ገና እግሬ ሳይዝል።
ከዚያ እቆጥራለሁ፣ የቀኝ ጉልበቴን ብቻ፣
በሩብ ደቂቃ ሃያ።
ሃያ። ሃያ። ሃያ።
ዐሥራ ስምንት ሲሆን፣ ማርሽ።
ሃያ አንድ ሲሆን፣ ዝም።
ዳገቱን አላየውም። ዳገት የሚያይ አይወጣም፤
የፊት ጎማዬን አያለሁ፣ ከሱ ፊት ያለውን አንድ ክንድ አስፋልት፣
ደግሞ ሌላ አንድ ክንድ።

አናቱ ላይ፣ ከብሎኬት ማምረቻው በር፣
አቶ ሽብሩ ቆሟል፤ ያንኑ ካፖርት ለብሶ ነበር።
ብብቱ ሥር ጠማማ ስፌት አለ፣ የኔ፤
ማንም አያየውም።
እኔ ግን እዚያች ስፌት ላይ ስደርስ ነው የምፈጥነው።

አልነሣም። ማርሹንም አስቀድሜ አልጨምርም፤
እግሬን ነው የማስቀድመው፤
ሃያ ሁለት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት፣
ፔዳሉ ባዶ ሲሆንብኝ፣ እግሬ አየር ሲረግጥ፣
ያኔ፣ አንድ ጥርስ።
ይሞላል፤ አዞረዋለሁ፤ ይቀላል፤
አንድ ጥርስ።

«እትዬ» ያለኝን አገኘሁት መንገድ ዳር፤
ጉልበት የነበራቸው ሁሉ
ጉልበታቸውን ይዘው ቆመው ነበር።

እንዳይመስላችሁ ግን አንደኛ ወጣሁ ማለቴ፤
ለተብርሃን ነበረች፣ የመቀሌዋ፣ ከፊቴ፤
ወገቧ አይወዛወዝ፣ ትንፋሿ አይሰማ።
እሷን ደግሞ ማን ይሆን ያስተማራት፣ የትኛው ሰፊ?
እስከ ኮተቤ ተከተልኋት፣ እግሯን እየቆጠርሁ፤
ሃያ ሦስት ነበር።
አላለፍኋትም።

ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ወርዶፋ፣ ክሩን ከአፉ ሳያወጣ፣
ስንተኛ እንደ ወጣሁ አልጠየቀኝም።
«መርፌ ተሰበረ?»
«አልተሰበረም።»
«በይ እንግዲህ» አለና
ሌላ ካፖርት ወረወረልኝ።